ቀኝ እጃችሁ አይቁም፦ የጊታር ምት በቀላል አማርኛ

ኮርዶቹን፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱትን የድምፅ ስብስቦች፣ ታውቃላችሁ። ጂ ትይዛላችሁ፣ ዲ ትይዛላችሁ፣ ኢ ማይነር ላይ ጣታችሁ ሳታዩት ያርፋል፣ ሲም ቢሆን አሁን አሁን ብዙ አያስቸግራችሁም። ግን ስትጫወቱት ዘፈኑ ዘፈን አይመስልም። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ኮርዱን ይሰማል እንጂ ትከሻው አይነቃነቅም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ግራ እጃችሁ ላይ አይደለም፣ ቀኙ ላይ ነው። (ግራኝ ሆናችሁ ጊታሩን ገልብጣችሁ የምትይዙ ከሆነ እዚህ ቀኝ ያልኩትን ሁሉ ግራ ብላችሁ አንብቡት።)

አብዛኛው ሰው ስትራሚንግ (ክሮቹን አንድ ላይ መግረፍ) የሚማረው በቀስት ነው። የዘፈኑን ኮርድ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፣ ከላዩ «ታች፣ ታች ላይ፣ ላይ ታች ላይ» የሚል ያገኛል፣ እሱን ይሸመድዳል። ሌላ ዘፈን ሲመጣ ሌላ ቀስት ይሸመድዳል። ከጥቂት ወር በኋላ ጭንቅላቱ ውስጥ አስር ዓይነት ቀስት አለ፣ አንዱም ግን እንደ ልቡ አይታዘዘውም። ምክንያቱም ቀስት እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። መቼ እንደሚሄድ አይነግራችሁም። ሪትም ላይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ መቼ የሚለው ነው።

እኔ ጊታር ለሚጀምር ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ንገር ብባል ይሄን ነው የምለው፦ ዘፈኑ ተጀምሮ እስኪያልቅ ቀኝ እጃችሁ አይቁም። የቀረው ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር ይመዘዛል። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ከመቁጠር እንጀምር። የምንሰማው ዘመናዊ ዘፈን አብዛኛው በአራት ይቆጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያ እንደገና አንድ። ይህች የአራት ዙር ባር ትባላለች። በእያንዳንዱ ቁጥርና በሚቀጥለው መሃል ደግሞ አንድ ግማሽ አለ፤ እሱን «እና» እያልን እንቆጥረዋለን። አንድ እና ሁለት እና ሦስት እና አራት እና። ስለዚህ አንድ ባር ውስጥ ስምንት እኩል ቦታ አለ። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ከሆነ ከአንድ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ግማሽ ሰከንድ ነው፣ ከቁጥሩ እስከ «እና» ደግሞ ሩብ ሰከንድ።

አሁን ጊታሩን ያዙና ቁጥር ስትጠሩ እጃችሁን ወደ ታች፣ «እና» ስትሉ ወደ ላይ ውሰዱት። ቁጥሩ የታች ነው፣ «እና» የላይ ነው። ይሄ አይቀየርም። ክሩን መንካት አለመንካት ሌላ ጉዳይ ነው፣ እጁ ግን ይሄዳል። ልጅ የተቀመጠበት ዥዋዥዌ ገፋችሁትም አልገፋችሁትም ይመላለሳል፤ እናንተ የምትመርጡት የቱ ዙር ላይ እንደምትገፉ ብቻ ነው። እጃችሁም እንደዚያ ነው። ስምንቱንም ጊዜ ይመላለሳል፣ አንዳንዱ ላይ ክር ይነካል፣ አንዳንዱ ላይ በአየር ያልፋል። አንዱን ሪትም ከሌላው የሚለየው የት እንደነካችሁና የት እንዳለፋችሁ ነው።

እንግዲህ ያቺን «ታች፣ ታች ላይ፣ ላይ ታች ላይ» የምትባለዋን ወስደን እንበታትናት፤ ጊታር የነካ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያገኛታል። «አንድ» ስትሉ ወደ ታች ትመታላችሁ። ቀጥሎ ባለው «እና» እጃችሁ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ክር ግን አይነካም። «ሁለት» ሲባል ታች ትመታላችሁ፣ በ«እና»ው ስትመለሱ አሁን ትነካላችሁ። ከዚያ «ሦስት» ይመጣል። ሙሉ ምስጢሯ እዚህ ነው። እጃችሁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ግን ከክሮቹ ትንሽ ራቅ ብሎ በባዶ ያልፋል፣ ምንም ድምፅ የለም። በሚቀጥለው «እና» ሲመለስ ይነካል። «አራት» ወደ ታች፣ የመጨረሻው «እና» ደግሞ ወደ ላይ። አለቀ፣ እንደገና ከአንድ።

ጀማሪው የሚሰናከለው ሦስት ላይ ነው። ከሁለት በኋላ ወደ ላይ መትቷል። ቀስቱ ላይ ቀጥሎ የተጻፈውም «ላይ» ነው። እጁ ግን አሁን ያለው ላይ ነው፣ ከላይ ወደ ላይ መሄድ ስለማይቻል ቆሞ ያስባል። ወይ ተጣድፎ ያወርደዋል፣ ወይ ዘግይቶ ይመለሳል፣ ባሩ ይጎብጣል። ባዶዋን ታች ሳትሰርቁ በሰዓቷ ካወረዳችኋት ግን ሁለተኛዋ «ላይ» ያለ ምንም ሐሳብ ቦታዋ ላይ ትገኛለች፤ እጁ ሌላ የሚሄድበት የለውማ። ቀስቱ የደበቀባችሁ ይቺን ድምፅ የሌላትን እንቅስቃሴ ነው።

ይህን ለመለማመድ ኮርድ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ኮርድ ያደናቅፋል። ግራ እጃችሁን ክሮቹ ላይ ዝም ብላችሁ አሳርፉት፣ አትጫኑ። ስትገርፉት «ቸክ» የሚል የታፈነ ድምፅ ብቻ ይወጣል። በአንድ ጣት ብቻ አትንኩ፤ ጣታችሁ 12ኛው ወይም 7ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) አካባቢ ካረፈ ቀጭን ጥርት ያለ ድምፅ ያመልጣችኋል፣ ሦስት አራት ጣት ሲሆን ግን ክሩ ሙሉ በሙሉ ይሞታል። በዚህ ድምፅ ብቻ፣ እየቆጠራችሁ፣ እግራችሁ ቁጥሮቹን እየረገጠ፣ ስምንቱንም ምቱ። ከዚያ አንዷን ቀንሱ። ለምሳሌ የሦስትን ታች። ከዚያ ሌላ ቀንሱ። እጁ ያው ነው፣ የምትቀንሱት ንክኪውን ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ከአንድ እንቅስቃሴ በርካታ ሪትም እያወጣችሁ እንደሆነ ስታዩ ቀስት መሸምደዱ ይቀራል።

ክራር ሲመታ በቅርበት ያየ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም። ክራር በድርድርም በግርፍም ይጫወታሉ። በግርፉ ጊዜ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ እንዲሰሙ የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ያፍናሉ። የምንሰማው ጣት ያልከለከለውን ክር ነው። ጊታሪስቱ በቀኝ እጁ እያለፈ የሚያወጣውን ዝምታ ክራር መቺው በግራው ያወጣዋል ማለት ነው። ጊታር ላይም ቢሆን ሁለቱ መንገዶች ይቀላቀላሉ፤ በኋላ ሬጌ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ስለ እጁ አያያዝም እናውራ፣ ምክንያቱም የማይቆም እጅ ካልተፈታ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ክንዳችሁ የጊታሩ ጠርዝ ላይ ዘና ብሎ ይረፍ። እንቅስቃሴው በዋናነት ከክንድ መሽከርከር ይምጣ፣ የእጅ አንጓ ደግሞ ላላ ብሎ ይከተል። ክርናችሁን እያጠፋችሁና እየዘረጋችሁ መላ ክንዳችሁን የምታወርዱና የምታነሱ ከሆነ ትከሻችሁ ይደክማል፣ ድምፁም ይደርቃል። ሕመም ከተሰማችሁ ጥንካሬ የሚባል ነገር የለም፤ አቁሙ፣ እጃችሁን አራግፉ፣ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

ፒኩን (ክር የሚመታበትን ትንሽ ዝርግ ፕላስቲክ) በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጎን ያዙት። ከጣታችሁ የሚወጣው ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሁን፤ ብዙ ካወጣችሁት ክሩ ውስጥ ይሰነቀርና እጃችሁን ይይዘዋል። አያያዛችሁ ፒኩ እንዳይወድቅ የሚበቃ ይሁን፣ ከዚያ አይለፍ። ደግሞ ፒኩ ክሩን ቀጥ ብሎ አይግጠመው፣ ትንሽ ይዘንበል። ሲወርድ ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ ይይ፣ ሲመለስ ትንሽ ወደ ታች፤ ያኔ ክሮቹን እያለፈ ይንሸራተታል። ለመጀመሪያ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀጭን ፒክ ግዙ። ስለሚታጠፍ ስህተታችሁን ይሸከምላችኋል። 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ለነጠላ ዜማ ጥሩ ነው፣ ስትራሚንግ ላይ ግን ያልተፈታ እጅን ያጋልጣል።

አንድ ሌላ ነገር። ስድስቱንም ክር ሁልጊዜ የመምታት ግዴታ የለባችሁም። ወደ ታች ስትመቱ በተለይ «አንድ» ላይ ወፍራሞቹ ክሮች ይሰሙ፣ ወደ ላይ ስትመለሱ ግን ቀጫጭኖቹ ሁለት ሦስት ክሮች ብቻ ይበቃሉ። ስድስቱንም ወደ ላይ ለመጥረግ የሚታገል ሰው ነው ሁልጊዜ የሚዘገየው። የት እንደምትመቱም ድምፁን ይቀይረዋል። ወደ አንገቱ ስትጠጉ ድምፁ ይሞቃል፣ ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ ወደሚታሰሩበት) ስትጠጉ ይቀጥናል። ቀዳዳው አካባቢ ጀምሩ፣ ቀሪውን ጆሯችሁ ይመርጣል።

ወደ ኮርድ መቀየር እንምጣ፤ እጅ የሚቆምበት ትልቁ ቦታ እሱ ነው። ከጂ ወደ ሲ ስትሄዱ ሦስት ጣት ተነስቶ ሦስት ቦታ ማረፍ አለበት። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜውን ከየት እናመጣለን? ከመጨረሻዋ «እና»። «አራት» ላይ ወደ ታች ከመታችሁ በኋላ ግራ እጃችሁን ልቀቁት፣ ጉዞውን ይጀምር። ቀኙ በ«እና»ው ሲመለስ ምንም ያልተያዘ ክፍት ክር ይመታል። ይምታ! ቀጫጭኖቹ ክሮች ናቸው፣ ቀለል ብለው ነው የሚሰሙት፣ ሩብ ሰከንድ ነው፣ ቀጥሎ አዲሱ ኮርድ «አንድ» ላይ ሲያርፍ ሰሚው ያቺን ክፍት ድምፅ እንደ መሸጋገሪያ ነው የሚሰማት። የታወቁ ቅጂዎችን በጥሞና አዳምጡ፣ አኩስቲክ ጊታር ባለበት ብዙ ጊዜ ይህችን ክፍት «እና» ታገኟታላችሁ።

ግራው ባይደርስስ? ቀኙ ይሂድ። ሁለት ጣት ብቻ ደርሶ ከሆነ በሁለቱ ምቱ። ጭራሽ ካልደረሰ ታፍኖ «ቸክ» ይበል። ያልተሟላ ኮርድ በሰዓቱ ሲመጣ ዘፈኑ ይቀጥላል፣ የተሟላ ኮርድ ዘግይቶ ሲመጣ ግን የሚዘፍነው ሰው ቃሉን ይዞ ይንጠለጠላል። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ለመፍረድ አንድ ቀን አብሯችሁ የሚዘፍን ሰው ጥሩ።

አሁን ብዙ ማብራሪያዎች የሚዘሉት ነገር ላይ ደርሰናል። የእጅ ፍጥነት። እስካሁን በአንድ ቁጥር ሁለት እንቅስቃሴ ነበር፣ ታችና ላይ። ዘፈኑ ዘገም ያለ ሲሆን፣ በደቂቃ 70 ምት አካባቢ እንበል፣ ይሄ ይሰፋል፤ እጃችሁ ሲንሳፈፍ ይቆይና ዘፋኙ በመሃል የሚያስገባቸውን ትናንሽ ምቶች መከተል ያቅተዋል። ያኔ እያንዳንዱን ቁጥር ለአራት ትከፍሉታላችሁ። ታች ላይ ታች ላይ በአንድ ቁጥር ውስጥ። ቁጥሩም ታች ነው፣ «እና»ውም ታች ይሆናል፣ ላዮቹ በመሃል በመሃላቸው ይገባሉ። በስሌት እንየው። 70 ምት በአራት ሲባዛ በደቂቃ 280 እንቅስቃሴ ነው። 140 ምት በሁለት ሲባዛም 280 ነው። ፈጣኑም ዘፈን ቀርፋፋውም ዘፈን እጃችሁን እኩል ያስኬዱታል ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ዘፈን ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ቀስቱ ምንድነው» ብላችሁ አይሁን። ዘፈኑ ውስጥ ያለችው ትንሿ ምት የቷ ናት? እጃችሁ በእሷ ፍጥነት ይመላለስ፣ የቀረው የትኛውን ልንካ የሚለው ነው።

የእጅ ፍጥነቱ ልክ ሆኖም ሪትሙ ጠፍጣፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁሉም ምት እኩል ከጮኸ ሰው አንዱን ከሌላው አይለይም። አንዳንዱ ላይ ጫን ማለት፣ አንዳንዱን መዳሰስ ያስፈልጋል። ፖፕና ሮክ ላይ ከበሮ መቺው ብዙ ጊዜ ስኔሩን (ጥርት ብሎ የሚጮኸውን ከበሮ) ሁለትና አራት ላይ ይመታል፤ ጊታራችሁም እዚያው ጫን ቢል ዘፈኑ ወዲያው በእግሩ ይቆማል። ልብ በሉ፣ ጫን ማለት በኃይል መምታት ብቻ አይደለም። ሌሎቹን ማለስለስም ያው ነው፣ እንዲያውም እሱ ይሻላል።

ሬጌ ይህንን ጥግ ያደርሰዋል። እኛ አገር ሬጌ ከሻሸመኔም ከአዲስ አበባም ቤተኛ ስለሆነ ጆሯችሁ ቀድሞ ያውቀዋል። ጊታሩ አንድና ሦስትን ለቆ ሁለትና አራት ላይ ብቻ «ቻክ» ይላል። በብዙ ሬጌ ከበሮው ክብደቱን የሚጥለው ሦስት ላይ ነው፣ አንድ ባዶ ይቀራል። ያ «ቻክ» አጭር መሆን አለበት። የሚያሳጥረው ደግሞ ግራ እጅ ነው። ኮርዱን ይዛችሁ ትመታላችሁ፣ ወዲያው ጣታችሁን ሳታነሱ ግፊቱን ብቻ ታላላላችሁ። ጣት ክሩን ነክቶ ይቀራል፣ ድምፁ ይቆረጣል። እዚህም ቀኝ እጅ አልቆመም። አንድ ላይ ባዶ ወርዷል፣ ሁለት ላይ መትቷል፣ ሦስት ላይ ባዶ ወርዷል። ሬጌ ሲጫወቱ የሚፈጥኑ ሰዎች ብዙዎቹ ባዶዎቹን ታቾች የሚዘሉ ናቸው።

ቆይ፣ ስለ ራሳችን ምት ገና አላወራንም። ጊታር ይዞ ችክችካ መምታት የሚፈልግ ልጅ ብዙ ነው፣ በግልጽ የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

ችክችካ በስድስት ይቆጠራል። አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት ስድስት። ሰውነት የሚሰማው ግን ሁለት ትልልቅ ምት ነው፣ አንዱ «አንድ» ላይ፣ ሌላው «አራት» ላይ። እያንዳንዱ ትልቅ ምት ለሦስት ይከፈላል። እስካሁን ያየነው ሁሉ ለሁለት ወይም ለአራት የሚከፈል ነበር፣ ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ሦስት ጎዶሎ ነው። እጃችሁ ታች ላይ ታች ላይ እያለ ሲሄድ አንድ ታች፣ ሁለት ላይ፣ ሦስት ታች፣ አራት ላይ፣ አምስት ታች፣ ስድስት ላይ ይሆናል። ሁለተኛው ትልቅ ምት፣ ማለትም አራት፣ ወደ ላይ በሚመለሰው እጅ ላይ ወደቀ።

ለምን ይሄ ያስቸግራል? ወደ ታች የሚመታ እጅ በተፈጥሮው ይከብዳል። ስበቱ አለ፣ ወፍራሞቹንም ክሮች ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። ታቾቹ ያሉት አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ ነው። እነሱ ከከበዱ ሰሚው በስድስቱ ውስጥ ሁለት ሳይሆን ሦስት ከባድ ምት ይሰማል፤ ችክችካ መሆኑ ይቀርና ቫልስ (በሦስት የሚቆጠር የዳንስ ምት) ይሆናል። ጀማሪ ሲጫወተው «ኮርዱ ልክ ነው፣ ፍጥነቱም ልክ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። ስድስት ለሁለት ሦስቶችም ለሦስት ሁለቶችም እኩል ይከፈላል፣ እጃችሁ ሳታዙት ሁለተኛውን መርጧል።

መድኃኒቱ እጁን ማቆም አይደለም። አራት ላይ የሚወድቀውን የወደ ላይ ምት ጫን ማድረግ፣ ሦስትንና አምስትን ደግሞ ማለስለስ ነው። መጀመሪያ በታፈነ ክር ስድስቱንም ምቱና አንድና አራት ላይ ብቻ ጫን በሉ፦ ታች ላይ ታች፣ ላይ ታች ላይ። ወደ ላይ ስትመለሱ በኃይል መምታት መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነው የሚሆንባችሁ፣ ጥቂት ቀን ስጡት። እግራችሁም አንድና አራትን ብቻ ይርገጥ፣ ሦስት ጊዜ ከረገጠ ወደ ቫልሱ ተመልሳችኋል።

ያ ሲለምድ ሁለትንና አምስትን ባዶ አድርጓቸው። የሚቀሩት አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ናቸው። ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር፤ ያን የሚያንከባልለውን ስሜት ወዲያው ትሰሙታላችሁ። በቀስት ብትጽፉት ግን የሚያስቅ ነገር ነው የሚሆነው፦ ታች፣ ታች፣ ላይ፣ ላይ። ይህን ከወረቀት አንብቦ ሪትም ያወጣ ሰው አላውቅም። እጁ ሳይቆም ስድስቱንም እየተመላለሰ ሁለቱን ብቻ በአየር ሲያሳልፍ ግን ራሱ ይመጣል።

ዘገም ላለው ሌላ አማራጭ አለ። ታች ላይ ታች፣ ታች ላይ ታች። ሁለቱም ትልልቅ ምቶች ታች ላይ ስለሚያርፉ ክብደቱ ራሱ ይመጣል። ዋጋው ከሦስት ወደ አራት ስትሻገሩ እጃችሁ ፈጥኖ ወደ ላይ መመለስ አለበት፣ እሱም በአየር። በሦስት የሚከፈል ዘገምተኛ የትዝታ ዘፈን ላይ ይሄ ያምራል። ፈጣን ችክችካ ላይ ግን አይሞከርም። ትልቁ ምት በደቂቃ 120 ከሆነ በአንድ ሰከንድ ስድስት ትናንሽ ምት ነው ያለው፣ እዚያ ውስጥ ተጨማሪ መመለሻ ማስገባት እጅን ያስራል። ለፈጣኑ የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል፣ እኔ በበኩሌ ለቀርፋፋውም እሱን እመርጣለሁ፤ አንዴ ከለመዳችሁት ፍጥነቱ ሲጨምር መቀየር የለባችሁም።

እግረ መንገዴን ስለ ቅኝትም አንድ ነገር ልበል፣ ከቀኝ እጅ ጋር ይያያዛል። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ትዝታ ሜጀርን ከሲ ብንጀምር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። የለመድነውን ኤፍ ኮርድ ብትመቱበት ኤፍ ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ የለችም፣ ጂ ኮርድ ውስጥም ቢ አለች፣ እሷም የለችም። ሙሉ በሙሉ ውስጥ የሚሆኑት ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው በሌላ አገር ዘፈን ላይ የሚያምረው ኮርድ እዚህ አንዳንዴ ዜማውን የሚጋፋው። መውጫው ኮርድ መደርደር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ ጂ እና ዲ ድምፆችን ብቻ ያዙ፣ ሌላውን ክር አፍኑት፣ ብዙ ሳትቀያይሩ አንዱ ላይ ቆዩና ሥራውን ለቀኝ እጅ ስጡት። ኮርዱ ሲያንስ ምቱ ነው ዘፈኑን የሚሸከመው።

ሜትሮኖም (በእኩል ጊዜ ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ስልካችሁ ላይ በነጻ ይገኛል፣ አውርዱት። 60 ላይ ጀምሩ። ቀርፋፋ ሲሆን የሚከብድ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ችግሩን አገኛችሁት ማለት ነው፤ በፍጥነት ስትጫወቱ የሚሸፈነው ክፍተት 60 ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምቱ ሲመጣላችሁ ደግሞ አንድ የሚጠቅም ልምምድ አለ። 80 ላይ የምትጫወቱትን ዘፈን ሜትሮኖሙን 40 አድርጉና ድምፁን እንደ ሁለትና አራት ውሰዱት። አንድንና ሦስትን የሚይዝላችሁ የለም፣ ራሳችሁ መያዝ አለባችሁ። ከዚያ በስልካችሁ ቅረጹና በማግስቱ ስሙት። እየተጫወታችሁ የማትሰሙትን ነገር ሁሉ እዚያ ትሰሙታላችሁ። የት ጋ እንደፈጠናችሁ ፈልጉ። አብዛኛው ሰው የሚፈጥነው ኮርድ ከተቀየረ በኋላ ባለው ባር ነው፤ መቀየሩ አስጨንቆት ስላለፈለት ይሮጣል።

እየዘፈኑ መምታት ለብቻው ይከብዳል። በአንድ ጊዜ ሁሉን አትሞክሩ። መጀመሪያ እየመታችሁ ዜማውን በ«ላ ላ» ብቻ አሰሙ፣ ያለ ግጥም። ከዚያ በእያንዳንዱ ስንኝ «አንድ» ላይ የሚወድቀው የቱ ፊደል እንደሆነ ፈልጉና እዚያ ላይ እጃችሁ ታች መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ዘፈን ቃሉን ከ«አንድ» በፊት ነው የሚጀምረው፣ «አራት እና» ላይ። እሱን ካላወቃችሁ ባሩ ሁሉ በግማሽ ምት ይንሸራተታል።

ሪትም መምታትን ሶሎ እስክንለምድ የምንቆይበት ማረፊያ አድርጎ የሚያይ ሰው ሲገጥመኝ ስለ ፍሬዲ ግሪን እነግረዋለሁ። ፍሬዲ ግሪን በፈረንጆቹ 1937 የአሜሪካዊውን የጃዝ ባንድ መሪ የካውንት ቤዚን ኦርኬስትራ ተቀላቀለና እስከ ሞተበት 1987 ድረስ 50 ዓመት እዚያው ሪትም ጊታር መታ። ሥራው በባር አራት ምት መምታት ነበር፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ሶሎ የሚባል ነገር እምብዛም አልነካም። ጊታሩ ከዚያ ሁሉ ነሐስ መሣሪያ መሃል ለብቻው ብዙም አይሰማም፣ ግን የባንዱ እርምጃ እሱ ነበር። የፈንክ ምት የሚስባችሁ ደግሞ የሺክ ባንዱን ጊታሪስት ናይል ሮጀርስን ተመልከቱ፤ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍታችሁ ቀኝ እጁን ብቻ እዩት፣ ክሩ ዝም ባለበት ሰዓት ሁሉ እንኳ ሲመላለስ ታገኙታላችሁ። ከቤታችን የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን ስሙ። ዘፋኙን ለአንድ ጊዜ ተዉትና ጊታሩ የት እንደሚገባና የት እንደሚተው ብቻ ተከታተሉ።

ከሌላ ሰው ጋር ስትጫወቱ ደግሞ ቀንሱ። ቤዝ ጊታር ካለ ወፍራሞቹን ክሮች ለእሱ ልቀቁለት፣ ከበሮ ካለ ስምንቱንም ምት መሙላት አይጠበቅባችሁም። ሁለት ጊታር ሆናችሁ አንድ ዓይነት ሪትም በአንድ ዓይነት ኮርድ ከመታችሁ ድምፁ ይወፍራል እንጂ አያምርም። አንዳችሁ ተራውን ጂ ይዛችሁ ሙሉውን ምቱ። ሌላኛው ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) 7ኛው ፍሬት ላይ ያድርግና የሲን ቅርፅ ይያዝ፤ የሚወጣው ኮርድ ያው ጂ ነው፣ ግን ከፍ ብሎ። እሱ ቀጫጭኖቹን ክሮች ሁለትና አራት ላይ ብቻ ይንካ፣ በቀረው ጊዜ እጁ በባዶ ይመላለስ።